የምስሎች ጉርብትና

«እስካሁን ያስቀመጥሁትን ሁሉ መልስልኝ» ብሎ ፒንተረስት የተባለውን የምስል መሰብሰቢያ ድረ ገጽ መጠየቅ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ውሎ አድሮ በኢሜይል ፋይል ይመጣል። ሲከፈት ግን በዋናነት ጽሑፍ ነው፦ የቦርድ (የምስል መሰብሰቢያ ሰሌዳ) ስም፣ የፒን (የተሰካ ምስል) ርእስ፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ እንደገና አድራሻ፣ እንደገና አድራሻ። ምስሉን ራሱን የፈለገ በሌላ በር ይገባል። ጋለሪ ዲኤል የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ወይም ብራውዘር ላይ የሚጫን ማውረጃ ይይዝና ቦርዱን በጅምላ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል። ያን ጊዜ ምስሎቹ ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚጠሩት ግን ማንም ሊያነበው በማይችል የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ነው። ፕሮግራሙ አብሮ እንዲጽፍ ካልታዘዘ በቀር ከየት እንደ መጡ፣ ማን እንደ ሠራቸው፣ ያስቀመጣቸው ሰው ከሥራቸው ምን ብሎ እንደ ጻፈ የሚናገር ነገር የለም።

አንደኛው በር ጽሑፍን ያለ ምስል፣ ሁለተኛው ምስልን ያለ ጽሑፍ ይሰጣል ማለት ነው። በሁለቱም የገባ ትጉህ ሰው ግን አለ እንበል። ያመጣውን አዛምዶ፣ ባለሙያዎች እንደሚመክሩት ሦስት ቅጂ አውጥቶ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ከፋፍሎ፣ አንዱን ከቤቱ ውጭ አኖረ። ይህ ሰው ምንም አልጠፋበትም? እኔ ዋናው ነገር ጠፍቶበታል ባይ ነኝ። የጠፋበት አንድም ምስል አይደለም፤ አንዱ ምስል ከሌላው አጠገብ የተቀመጠበት ምክንያት ነው።

እንዲህ ለማለት የሚያደፋፍረኝ የፒንተረስት የራሱ አወላለድ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቤን ሲልበርማን አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ያደገ፣ በልጅነቱ ሦስት አጽቄ እየሰበሰበ ይደረድር የነበረ ሰው ነው። ሌላው መሥራች ኢቫን ሻርፕ ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ሲማር ከኢንተርኔት ያገኘውን ምስል ሁሉ እያወረደ ፎልደር ውስጥ ያከማች ነበር። የፋይሎቹ ስም ምንም አይነግረውምና ቆይቶ ሲያያቸው ከየት እንዳመጣቸው አያውቅም። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት ካቀለላቸው ችግሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ምስሉን ከመጣበት ገጽ ጋር አስሮ ማኖር። እንግዲህ ዛሬ ባክአፕ የሚያደርግ ሰው በስንት ድካም የሚደርስበት ቦታ ሻርፕ ተማርሮ ጥሎት የወጣው ፎልደር ነው።

ነገሩ ግን ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ አቢ ቫርቡርግ የሐምቡርግ ባለ ባንክ የበኩር ልጅ ነው። በ13 ዓመቱ ብኩርናውን ለታናሽ ወንድሙ ለማክስ ለቀቀለት፤ በልዋጩም ዕድሜ ልኩን የሚፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ እንዲገዛለት ቃል አስገባው ይባላል። ኤሳው በምስር ወጥ የሸጠውን ቫርቡርግ በመጻሕፍት ሸጠው፤ የከሰረው የትኛው ወንድም እንደሆነ መናገር ያስቸግራል። እነዚያን መጻሕፍት የደረደራቸው በፊደል ተራ አልነበረም። «የመልካም ጉርብትና ሕግ» የሚለው የራሱ ሥርዓት ነበረው፦ በእርግጥ የሚያስፈልግህ መጽሐፍ ፈልገህ የመጣኸው ሳይሆን ከእሱ ጎን የቆመው፣ መኖሩን እንኳ ያልሰማኸው መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። የሕዳሴ ዘመን ሥዕል ሊያጠና የመጣ ሰው ከጎኑ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ካገኘ፣ አጋጣሚ አይደለም፤ ቫርቡርግ አስቦበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ሕግ ወደ ምስል አሻገረው። በጥቁር ጨርቅ በተሸፈኑ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ላይ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ፎቶግራፎችን፣ ቴምብሮችን፣ የጋዜጣ ቁራጮችን፣ የንግድ ማስታወቂያ ሳይቀር እየሰካ ያጎራብት ጀመር። ሥራውንም ግሪኮች ለትዝታ አምላካቸው ባወጡት ስም የምኔሞሲኒ አትላስ አለው። ከሰሌዳዎቹ በአንዱ ላይ ሠዓሊው ጊርላንዳዮ በፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሣላት፣ በራሷ ላይ ፍራፍሬ ተሸክማ ቀሚሷ ነፋስ እንደ ነካው እየተንሳፈፈ ወደ አራስ ቤት የምትገባ ሴት አለች። በዚያው ሰሌዳ ላይ ሴቲኛኖ በምትባል መንደር የተነሣች የዘመኑ የገጠር ሴት ፎቶም አለ። በሁለቱ መካከል ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለ። የሁለቱን ዝምድና ቫርቡርግ በሐተታ አላብራራም፤ ጎን ለጎን ማቆሙ ራሱ ክርክሩ ነበር። እየነቀለ ደግሞ ይሰካል፤ ዛሬ እዚህ የነበረው ምስል ነገ ሌላ ሰሌዳ ላይ ከሌላ ጎረቤት ጋር ይውላል። አንድ ዙር ሲጠናቀቅ ሰሌዳዎቹ ተራ በተራ ፎቶ ይነሡ ነበር። የመጨረሻው ዙር 63 ሰሌዳዎችና 971 ምስሎች ነበሩት። ቫርቡርግ ሥራውን ሳይጨርስ ኦክቶበር 26 ቀን 1929 ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ዓመት፣ በ1933 መጨረሻ፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትና የምስል ክምችቱ በሁለት ትንንሽ መርከቦች ተጭነው ከሐምቡርግ ለንደን ገቡ። በዛሬ ቋንቋ ፍጹም የተሳካ ባክአፕ ነው። ምስሎቹ ዳኑ። ለንደን ከደረሱ በኋላ ግን በተረከባቸው ተቋም የፎቶ ክምችት ውስጥ በየርእሰ ጉዳያቸው ተበተኑ፤ ሰሌዳዎቹም እንደ ሰሌዳ አልቀሩም። በ1936 ወጣቱ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ኤርነስት ጎምብሪክ ከቪየና ተጠርቶ መጣና ሥራውን ለኅትመት እንዲያዘጋጅ ተሰጠው፤ አልተሳካም። አትላሱ በመጀመሪያዎቹ ምስሎች እንደ ገና የቆመው በ2020 በርሊን ላይ ነው። ሮቤርቶ ኦርትና አክሰል ሃይል የተባሉ ሁለት ሰዎች እነዚያን የመጀመሪያ ምስሎች ከመቶ ሺዎች መካከል እየለቀሙ በየቦታቸው መለሷቸው። በምን አወቁ? በእነዚያ በየዙሩ ማብቂያ በተነሡት ጥቁርና ነጭ የሰሌዳ ፎቶግራፎች ነዋ!

ይህን ልብ ብላችሁ አስቡት። በእያንዳንዱ ምስል ጥራት ከሄድን የሰሌዳው ፎቶ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሥዕል ትንሽና ግራጫ ነው። ዋናዎቹ ግን በጥራታቸው ሳሉ፣ በመሳቢያቸው ውስጥ ተኝተው፣ አትላሱ አልነበረም። ያተረፈው ስክሪንሾቱ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብባል፣ ከአንድ ሺህ ጥርት ካሉ የወረዱ ፋይሎች ይልቅ የቦርዱን ሙሉ ገጽ የሚያሳይ አንድ ደብዛዛ ስክሪንሾት እመርጣለሁ። ባክአፕ የሚሸጡልን ኩባንያዎች በጊጋባይት ስለሚያስከፍሉ ይህን አይነግሩንም።

ድረ ገጾችም ይሞታሉ፤ ሞታቸው ተመሳሳይ ነው፣ ብዙ አያስወራም። የግል ድረ ገጾች ማኖሪያው ጂኦሲቲስ በ1994 ተወለደ፤ ያሁ በ1999 ከሦስት ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት አክሲዮን ገዛው፤ ኦክቶበር 26 ቀን 2009 ዘጋው። ቀኑ ቫርቡርግ ከሞተ ልክ 80ኛ ዓመቱ ነው፤ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልሁም። ጄሰን ስኮት ይመራው የነበረው አርካይቭ ቲም የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ከመዘጋቱ በፊት የቻለውን ያህል ገልብጦ በማግሥቱ ዓመት ለሕዝብ ለቀቀው። ኦሊያ ሊያሊናና ድራጋን ኤስፐንሺድ የተባሉ ሁለት የጥበብ ሰዎች ያንን ክምር ወስደው ያደረጉት ነገር አስገራሚ ነው፤ እያንዳንዱን ገጽ በዘመኑ ብራውዘር ውስጥ ይታይ በነበረበት መልክ እየከፈቱ ስክሪንሾት ማንሣት። ቫርቡርግ ቤት የተደረገው ነው የተደገመው። የምስል መሰብሰቢያ ከሆኑት ገጾች ፒንተረስትን የቀደመው የጃፓኑ ፋውንድ በ2007 ተከፍቶ በ2017 ተዘጋ፤ ዲዛይነሮች ለአሥር ዓመት ያከማቹበት ነበር። በዚያው በ2017 ዲሊሸስ የተባለው የአድራሻ ማኖሪያ፣ በአንድ ወቅት ያሁ ተሽቀዳድሞ የገዛው፣ ለተፎካካሪው ለፒንቦርድ በ35 ሺህ ዶላር ተሸጠ። የሚሊዮኖች ምርጫና ዝምድና ዋጋው ይህ ሆነ።

ገጹ ባይሞትም ከሱ የምንለይበት መንገድ አለ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ አለ ነገር ግን የለም ሆነ። በዚያን ጊዜ ከነበረው ሐዘንና ሥጋት አንጻር ስለ ምስል ማውራት ቅንጦት ነው፤ ይሁንና የተገለጠው እውነት ይቆያል። የእኔ የሚባለው ምን እንደሆነ ገመዱ ሲቆረጥ ታየ። ስልክ ውስጥ ያለው ብቻ የእኔ ነበር። አብዛኞቻችን እንዲያውም ፒንተረስት የለንም፤ ቦርዳችን የቴሌግራሙ ሴቭድ ሜሴጅስ ነው። እዚያ ደግሞ ጉርብትና የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ሁሉ በመጣበት ሰዓት ተራ ይሰለፋል፤ ከጥምቀት ቀሚስ ጥልፍ ቀጥሎ የባንክ ደረሰኝ፣ ከደረሰኙ ቀጥሎ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ከማዘዣው ቀጥሎ የሳሎን መጋረጃ።

መጋረጃው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዚህ ስብስብ እንግዳ ጠባይ እሱ ላይ ይታያልና። የፎቶ አልበም ያለፈውን ይይዛል። ቦርድ ግን የሚይዘው ገና ያልሆነውን ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባ ዕጣዋን የምትጠባበቅ ሴት አስቡ። «ኩሽና» የሚል ቦርድ አላት። መጀመሪያ ያስቀመጠቻቸው ካቢኔቶች ቡናማ እንጨት ናቸው፤ ከዚያ ነጭ የሚያብረቀርቁ ይመጣሉ፤ ከዚያ አረንጓዴ፤ ከዚያ መደርደሪያው በር አልባ ይሆናል። ቤቱ የለም። ኩሽናው ግን ሦስት ጊዜ ታድሷል። ባሏ ይስቅ ይሆናል፤ ያ ቦርድ ግን የዚያች ሴት የዓመታት ተስፋ በትክክል የተመዘገበበት ብቸኛ ሰነድ ነው። የቁጠባ ደብተሯ ያጠራቀመችውን ያሳያል፤ ለምን እንዳጠራቀመችው አያሳይም።

እንግዲህ ይህን ባክአፕ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? ያልተፈጸመ ነገርን ከመጥፋት ማዳን ነው። ፎቶ ሲጠፋ የሆነ ነገር ማስረጃ ጠፋ እንላለን፤ የሆነው ግን ሆኗል፣ ማንም አያፈርሰውም። ምኞት ግን ከማስረጃው ውጭ ህልውና የለውም። ካልተጻፈ፣ ካልተሣለ፣ ለሰው ካልተነገረ፣ ሲረሳ እንዳልነበረ ነው የሚሆነው። በዚህ መንገድ ሳየው የቦርድ ባክአፕ ከቤተሰብ ፎቶ ባክአፕ የሚያንስ አይመስለኝም፤ ያስፈለገበት ምክንያት እንዲያውም ይበልጣል። ደግሞ ምኞት በምስል ብቻ አይድንም። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጇ ያንን ፎልደር ብትከፍት የምታየው የአራት የማያውቋት ሰዎች ኩሽና ነው። «ይህ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ነው፤ ጠዋት ቡና ሲፈላ ፀሐይ ይገባል» የሚል አንድ መስመር ካለበት ግን እናቷን ታገኛለች።

እዚህ ላይ ከራሴ ምሳሌ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። ቫርቡርግ ዝምድናውን በቃላት ያላብራራው ሰንፎ አይደለም፤ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቆም የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ስለማይችለው ነው። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ለምን እንዳስቀመጣችሁት ጻፉ ማለት ዓይን ያየውን በአፍ ለማስመስከር መታገል አይሆንም? ደግሞስ ሺህ ፒን ያለው ሰው ሺህ ምክንያት ጽፎ መቼ ይዘልቃል? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ አይዘልቅም፣ ስለዚህ ሺህ አይኑረው። አንድ መስመር ሊጻፍለት የማይገባ ምስል ሦስት ቅጂም አይገባውም። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን መልሱን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው፤ በብራና መጻሕፍት ጠርዝ ላይ።

ጸሐፊው ወንጌሉን ገልብጦ ሲጨርስ ወንጌሉን ላብራራው አይልም። የሚጽፈው ሌላ ነገር ነው፦ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ በማን ዘመን፣ ለየትኛው ደብር፤ ሰርቆ የሚወስደው፣ ፍቆም የሚያጠፋው የተወገዘ ይሁን። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጽሐፉ የተቀመጠበት ደብር በባዶው ቅጠልና በጠርዙ ላይ የራሱን ይጨምራል፤ የርስት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ ለገዳሙ የተበረከቱ መጻሕፍት ስም። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያስጻፉት ወንጌል እንዲህ ያለ ነው። የአራቱ ወንጌላት ቃል በሺህ ሌላ መጽሐፍ ይገኛል፤ ገዳሙ በዚያን ዘመን ምን ምን መጻሕፍት እንደ ነበሩት ግን የሚናገረው እዚያ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ነው። የታሪክ ሰዎች እንደ ታደሰ ታምራት ያሉት ወደዚያ መጽሐፍ የሄዱት ወንጌል ፍለጋ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ ከባክአፕ ጋር የሚገናኘው በምሳሌ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በቀጣዮቹ ዓመታት፣ በአብዮቱም መሐል፣ 9 ሺህ ገደማ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አሻግሯል። የሐይቁ ወንጌል በዚያ ቁጥሩ 1832 ነው። ካታሎጉን በማዘጋጀት ረጅም ዘመን የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ከአገር የወጡ ሰው። ካታሎጉን የከፈተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የመጽሐፉን አርእስት ብቻ ጠቅሶ አያልፍም፤ በየትኛው ቅጠል ላይ የማን ስም እንደ ተፋቀ፣ የማን ስም በላዩ እንደ ተጻፈ፣ የትኛው ሥዕል ኋላ እንደ ተጨመረ ይቆጥራል። ለዚህ ደግሞ የረዳቸው አንድ ነገር አለ፤ ማይክሮፊልም ጥቅልል ነው። 37ኛው ቅጠል ሁልጊዜ ከ36ኛው በኋላና ከ38ኛው በፊት ነው፤ ሊዘበራረቅ አይችልም። ፊልሙ ሳያስብበት ጉርብትናን ይጠብቃል። እጅግ የረቀቀው ዲጂታል ፎልደራችን በራሱ ይህን አይችልም፤ ፋይሎቹን በስም ተራ ይደረድርና ቅደም ተከተሉን ያጠፋዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ማብራሪያ አይደለም። ቫርቡርግ ዝም ያለበት ቦታ ዝም እንበል። የብራና ጸሐፊው የጻፈውን ያህል ግን እንጻፍ፦ የማን ነው፣ ከየት ነው፣ መቼ ነው፣ ለምን ጉዳይ ነው። «የማን ነው» የሚለውን ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርመን ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው ፎቶ አንሺ ሃንስ ሲልቬስተር በኦሞ ሸለቆ ያነሣቸው የሱሪና የሙርሲ ወጣቶች ምስሎች፣ አበባና ቅጠል ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ፊታቸውን በነጭና በቀይ አፈር ተቀብተው፣ በእነዚህ የምስል ገጾች ላይ በየጊዜው ይታያሉ። በመጀመሪያ አለጣጠፉ ስሙም አገሩም አብሮ ነበር ይሆናል። ከቦርድ ወደ ቦርድ ሲሻገር መጀመሪያ የሕዝቡ ስም ይወድቃል፤ ከዚያ የፎቶ አንሺው፤ ከዚያ «ኢትዮጵያ» የሚለውም ይወድቅና «አፍሪካ» ይሆናል፤ በመጨረሻ የሚቀረው አንድ የማያውቀው ሰው «የሜካፕ ሐሳብ» ብሎ ያስቀመጠው ፊት ነው። የልጁ የራሱ ስም ደግሞ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ማንም ክፉ አላሰበም። እያንዳንዱ ሰው ወደደውና አስቀመጠው፤ በእያንዳንዱ መውደድ ጥቂት ተፋቀ። በብራና ላይ ስም የሚፍቅ ሰው ውግዘቱን አንብቦ፣ ቢላዋ አንሥቶ ነበር፤ እኛ በአንድ ንክኪ እናደርገዋለን።

አሁን ደግሞ ከየትም ያልመጡ ምስሎች ተጨምረዋል። ማሽን የፈጠረው የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ በደንበኛ ስልክ ይቀርባል፤ ጥልፉ ላይ ያለው ክር በአንድ ቦታ ገብቶ በሌላ ቦታ አይወጣም፤ ሰፊው ምን ያድርግ? ምንጩ የተጻፈበት ምስል ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው አለው። ምንጭ የሌለው ከማሽኑ ውጤት በምንም አይለይም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ይበልጥ አይለይም። ምስል ጠብቆ የሚያቆይ ሰው ጥርጣሬ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስም አልባውን ምስል ጠብቀን ስናቆይ እውነተኛውንና ሐሰተኛውን በአንድ ሣጥን ቆልፈን ለልጆቻችን እናወርሳቸዋለን።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከሜይ 2018 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ያለ ሰው ለኩባንያ የሰጠውን መረጃ በማሽን በሚነበብ መልክ መልሶ እንዲያገኝ ደንግጓል። መልካም ነው፤ የመረጃ ማውረጃው ቁልፍ በየገጹ የበዛውም ከዚያ ወዲህ ነው። ግን «መረጃ» ሲባል የተቆጠረው ፋይልና አድራሻ ነው። ሰው የሰጠው ከፋይል በላይ ነው፤ ምስሉ የእሱ ላይሆን ይችላል፣ አሰላለፉ ግን የእሱ ነው፣ የእሱ ብቻ ነው። አሰላለፉን የማይመልስ ኩባንያ የተበደረውን መልሻለሁ ሊል አይገባም።

ኩባንያዎቹን መጠበቅ ግን ረጅም ነው። ከቦርዶቻችሁ አንዱን፣ በጣም የምትወዱትን፣ ዛሬ ክፈቱ። ከማውረዳችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሡት። ቀጥሎ ምስሎቹን አውርዱና ለእያንዳንዱ ስም አውጡለት፤ መጀመሪያ ተራ ቁጥሩ፣ ከዚያ የሠራው ሰው፣ ከዚያ ቦታው። ከጎኑ በተራ የጽሑፍ ፋይል ለምን እንዳስቀመጣችሁት አንድ መስመር ጻፉ፤ መስመር ያጣችሁለትን አጥፉት። አንዱን ቅጂ ለምታምኑት ዘመድ ስጡት። የፎቶ አንሺውን ወይም የባለ ሙያውን ስም ካወቃችሁ በግእዝም በላቲንም ፊደል ጻፉት፤ ፈላጊ በሁለቱም ሊመጣ ይችላልና።